ቢዮርክን ለመጀመር፦ ሆሞጀኒክ ወይስ ቬስፐርታይን?

የአይስላንዷን ዘፋኝ ቢዮርክን በስም የሚያውቃት ብዙ ነው፤ አልበም ልግዛ ሲል ግን ግራ ይጋባል። ከመጀመሪያው ጀምር ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። የመጀመሪያ አልበሟን ያወጣችው በ1977፣ ገና ልጅ ሳለች ነው። ከዚያ በፐንክ ባንዶች አለፈች፣ ከሹገርኪዩብስ ባንድ ጋር ዓለም አወቃት፣ በ1993 ደግሞ ዴቢው በተባለው አልበም ለብቻዋ ወጣች። ዴቢው ያስጨፍራል፤ ሙሉ አቅሟ ግን አይታይበትም። የ2004ቱ ሜዱላ ከሞላ ጎደል በሰው ድምፅ ብቻ የተሠራ ነው። ድንቅ ነው፣ ለጀማሪ ግን ይከብዳል። እውነተኛው ፉክክር በሆሞጀኒክና በቬስፐርታይን አልበሞች መሀል ነው።

ሆሞጀኒክ የ1997 ሥራ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት አንድ ሰው ፈንጂ በፖስታ ልኮላት ነበር፤ ፖሊስ ቀድሞ ደረሰበት። እሷም ለንደንን ለቃ ስፔን፣ ማላጋ አካባቢ ከተመች፤ አልበሙንም እዚያው ቀረጸች። ቁጣው ይሰማል። አልበሙን የያዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የአይስላንድ ቫዮሊንና ቼሎ ተጫዋቾች፣ እንዲሁም ከፕሮዲውሰሩ ማርክ ቤል ጋር የሠራችው ሻካራ የኤሌክትሮኒክ ምት። ዮጋ የሚለውን ዘፈን ስሙት። ቫዮሊኖቹ ቀስ ብለው ይዘረጋሉ፣ ከዚያ ምቱ ከሥር ይፈነዳል። የአገሯን እሳተ ገሞራ አስባ ነው የሠራችው፤ ተሳክቶላታል። ይህ በደህና ስፒከር፣ ከፍ ተደርጎ የሚሰማ ሙዚቃ ነው። ፕሉቶ የሚለው ላይ ስትደርሱ ግን ለጎረቤት ስትሉ ቀነስ አድርጉት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሁለት ሮቦቶች የሚሳሳሙበትን የኦል ኢዝ ፉል ኦፍ ላቭ ቪዲዮ ወዳችሁ ከሆነ የምትገዙት፣ ሆሞጀኒክ ላይ ያለው የዘፈኑ ቅጂ ሌላ ነው። እሱ ምት የሌለው፣ ረጋ ያለው ነው።

ቬስፐርታይን በ2001 ወጣ። ዓመት ቀደም ብሎ በዳንሰር ኢን ዘ ዳርክ ፊልም ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወስዳለች። ከዚያ ሁሉ ግርግር በኋላ ወደ ቤት ገብታ በሩን የዘጋች ነው የሚመስለው። ድምጿ ወደ ሹክሹክታ ይወርዳል። ሃርፕ (በገና መሰል መሣሪያ) አለ፣ የሙዚቃ ሳጥን አለ፣ መዘምራን አሉ። ምቱ የተሠራው ካርታ ሲበወዝና በረዶ ሲሰነጠቅ ከሚሰማው ዓይነት ጥቃቅን ድምፅ ነው። በስልክ ስፒከር ከሰማችሁት ግማሹ ያመልጣችኋል። ሄድፎን ግድ ነው።

ደስ የሚለው፣ እነዚያን መሣሪያዎች ስትመርጥ ሙዚቃው ከኢንተርኔት ወርዶ በላፕቶፕ ሲሰማም እንዳይበላሽ አስባበታለች። ስለዚህ ይህን አልበም በዲጂታል መግዛት አያስቆጭም። የሸክላ ማጫወቻ ካላችሁ ደግሞ ወደ 55 ደቂቃ ስለሚረዝም የሚመጣው በሁለት ሸክላ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ሆሞጀኒክ በአንድ ሸክላ ያልቃል።

እኔ ብሆን ሆሞጀኒክን በሸክላ፣ ቬስፐርታይንን በዲጂታል እገዛለሁ። አንዱን ብቻ ከተባለ ሆሞጀኒክ፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ይይዛችኋል። ቬስፐርታይን ጊዜ ይፈልጋል። ሙዚቃ የምትሰሙት ቤቱ ከተኛ በኋላ፣ በሄድፎን ብቻ ከሆነ ግን ምክሬን ገልብጡት።