የሃርድ ዲስክን ፍጥነት ሳይፈቱ ማወቅ፦ የትኛው መንገድ ምን ይነግርዎታል?

ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ ሻጩ ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ራሙ በደንብ ያስረዳዎታል። ዲስኩ ላይ ሲደርስ ግን «አንድ ቴራ ነው» ብሎ ያልፋል። ማሽኑ ሲበራ የሚያስጠብቅዎት ወይም ቶሎ የሚነሣልዎት በአብዛኛው በዲስኩ ምክንያት ስለሆነ፣ ከመክፈልዎ በፊት ይዩት። ክዳኑን መፍታት አያስፈልግም።

ቀላሉ መንገድ ታስክ ማኔጀር ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው «ፐርፎርማንስ» ውስጥ «ዲስክ 0»ን ይንኩ። ዊንዶውስ 11 እና የኋለኞቹ የዊንዶውስ 10 ስሪቶች ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው) ይሁን ኤችዲዲ (የሚሽከረከረው) እዚያው ይጽፋሉ። ኤችዲዲው በደቂቃ 5400 ወይስ 7200 ዙር እንደሚሽከረከር ግን አይነግሩዎትም።

ዲቫይስ ማኔጀር «ዲስክ ድራይቭስ» በሚለው ሥር የሞዴል ቁጥሩን ይሰጣል። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉት የፋብሪካው መግለጫ ይወጣል። ሲገለብጡ እስከ መጨረሻው አኃዝ ይጠንቀቁ። ሲጌት ኤስቲ1000ኤልኤም035 5400 ዙር ነው፤ ኤስቲ1000ኤልኤም049 ደግሞ 7200። ሁለቱም የላፕቶፕ፣ ሁለቱም አንድ ቴራ ናቸው፤ የሚለዩት በመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ብቻ ነው።

በእኛ ግምት ለገዢ ከሁሉም የሚሻለው ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለው ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ በዚፕ የሚወርደውን ፍላሽ ላይ ይዘው ከሄዱ ሳይጭኑት ይሠራል። «ሮቴሽን ሬት» የሚለው መስመር ዙሩን በቁጥር ያሳያል፤ ኤስኤስዲ ከሆነ በቁጥሩ ቦታ ሰረዝ ያያሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ትራንስፈር ሞድ» ላይ ነው። «ሳታ 600» ማለት መስመሩ ማሳለፍ የሚችለው ጣሪያ እንጂ የዲስኩ ፍጥነት አይደለም፤ 5400 ዙር ያለው ዲስክም ይህንኑ ይጽፋል። እግረ መንገድዎን የጤናውን ቀለም ይዩ። ሰማያዊ ደህና ነው። ቢጫ ከሆነና በ05 ወይም በሲ5 ረድፍ ከዜሮ በላይ ቁጥር ካለ፣ ዲስኩ የተበላሹ ሴክተሮች (መረጃ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ስላሉት ፍጥነቱ ምንም ቢሆን አይግዙት።

የተጻፈ ዙርም ቢሆን ሁልጊዜ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2020 «5400 ክላስ» ተብለው የተሸጡ አንዳንድ የዌስተርን ዲጂታል ዲስኮች በድምፃቸው ሲለኩ 7200 ዙር ሲሽከረከሩ ተገኝተዋል። ኩባንያውም «ክላስ» የሚለው ትክክለኛውን ዙር ሳይሆን የአፈጻጸም ደረጃን እንደሚያመለክት ገልጿል።

እውነተኛውን ፍጥነት የሚለካው ክሪስታልዲስክማርክ የተባለው ሌላ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ይሰኩ። ታስክ ማኔጀር ላይ ዲስኩ 100 በመቶ ተይዞ ካዩ ዊንዶውስ ከጀርባ አፕዴት እያደረገ ሊሆን ስለሚችል እስኪረጋጋ ይጠብቁ፤ አለዚያ ደህናው ዲስክ ሰነፍ መስሎ ይታያል። ድግግሞሹን 3፣ መጠኑን 1 ጊጋ ያድርጉ። የላይኛው ረድፍ ትልልቅ ፋይል ሲነበብ ያለው ፍጥነት ነው፦ የላፕቶፕ 5400 ዲስክ በሰከንድ ከ80 እስከ 140 ሜጋባይት፣ ሳታ ኤስኤስዲ እስከ 550 አካባቢ። ዋናው ግን የታችኛው «4ኬ» ረድፍ ነው፤ ዊንዶውስ ሲነሣም ሆነ ፕሮግራም ሲከፈት ብዙ ትንንሽ ፋይሎች ተበታትነው ይነበባሉና። እዚያ የሚሽከረከር ዲስክ ከ1 ሜጋባይት በታች ሲሰጥ፣ ደህና ኤስኤስዲ 20 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል።

ለ7200 ብለው ብዙ አይጨምሩ። የሚፈለገው ቦታ ዞሮ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ 5400 በአማካይ 5.6 ሚሊሰከንድ፣ 7200 ደግሞ 4.2 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ልዩነቱ አለ፤ ነገር ግን ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ይህ ጥበቃ ጭራሹኑ የለበትም። ዋጋቸው ከተቀራረበ 7200ን ይውሰዱ፤ ካልተቀራረበ 5400ውን ገዝተው በተረፈው ገንዘብ ኤስኤስዲ ያስገቡ።

ማሽኑ ዊንዶውስ ከሌለው ወይም በፓስወርድ ከተቆለፈ፣ ኡቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ማሽኑን የሚያስነሣ ሌላ ሲስተም) ባለበት ፍላሽ አስነሥተው «ዲስክስ» የሚለውን ይክፈቱ። ከሜኑው «ቤንችማርክ»ን ሲመርጡ የጽሑፍ ሙከራውን ምልክት ያንሡ፤ ንባቡ ብቻ በቂ ነው፣ የሰው ፋይልም አይነካም።