የቤት ቢራ መጥመቂያ ማሽን አዲስ አበባ ላይ ዋጋውን ያወጣል?

መልሱን እናስቀድም። ካፕሱል (ጥሬ ዕቃው አስቀድሞ የተሞላበት ትንሽ ዕቃ) ወይም የታሸገ ጥቅል ተቀብሎ ከብቅል እስከ ብርጭቆ ሁሉን ራሱ የሚሠራው ማሽን ለአዲስ አበባ ጠማቂ አይሆንም። ማሞቂያ፣ ፓምፕና የሙቀት መቆጣጠሪያ በአንድ የማይዝግ በርሜል ላይ የተገጠመለት ከፊል አውቶማቲኩ ግን በወር ቢያንስ አንዴ ለሚጠምቅ ሰው ዋጋውን ያወጣል። ለእንቁጣጣሽና ለገና ብቻ የሚጠምቅ ሰው አንድ የድግስ ድስትና የመጋረጃ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ጠጪው ልዩነቱን አያውቀውም።

የመጀመሪያውን ዓይነት ቶሎ እንለፈው። የአሜሪካዋ ሲያትል ኩባንያ ፒኮብሩ በ2013 እ.ኤ.አ. ዛይማቲክ የተባለውን ማሽን ኪክስታርተር በተባለው ድረ ገጽ ከሕዝብ ገንዘብ አሰባስቦ አስተዋወቀ፤ በኋላም ብቅሉና ሆፑ (ለቢራ መራራነትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ) በታሸገ ጥቅል የሚገባበትን ፒኮ የተባለ ትንሽ ማሽን ሸጠ። በ2020 ኩባንያው ሲወድቅ ጥቅሉ ቆመ፣ ማሽኑ የአጠማመቅ መመሪያውን የሚያወርድበት ሰርቨርም አብሮ ሄደ። ኮምፒውተር የሚችሉ ባለቤቶች የራሳቸውን ሰርቨር አቁመው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ለሌላው ግን ደህና የሚሠራ ማሽን የወጥ ቤት ጌጥ ሆኖ ቀረ። ኤልጂ በ2019 ያሳየው ሆምብሩም በካፕሱል የሚሠራ ነው፤ 5 ሊትር ለማውጣት ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። 5 ሊትር ማለት 15 ጠርሙስ ነው። ካፕሱል በሰው ሻንጣ እያስመጡ በሁለት ሳምንት 15 ጠርሙስ መጠበቅ ሜክሲኮ ወርዶ ጃምቦ ከማዘዝ በምን እንደሚሻል ለማስረዳት ይከብዳል። በዚያ ላይ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው 120 ቮልት ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር ከሰኩት በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል።

ሁለተኛው ዓይነት ነው ሊወራለት የሚገባው። የኒውዚላንዱ ግሬንፋዘር፣ የአውስትራሊያው ብሩዚላ፣ የጀርመኑ ብራውማይስተር በዚህ ይመደባሉ። የግሬንፋዘርና የብሩዚላ አሠራር አንድ ነው፦ የተፈጨው ብቅል በወንፊት ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል፤ ፓምፑ ከሥር ያለውን ጣፋጭ ውሃ እየሳበ ከላይ በብቅሉ ላይ ያፈሰዋል፤ መቆጣጠሪያው ሙቀቱን 66 ወይም 67 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት ይይዘዋል። ከዚያ ቅርጫቱ ተነስቶ በ75 ዲግሪ ውሃ ይታጠባል፣ ጣፋጩ ውሃ ይንተከተካል፣ ሆፕ ይገባበታል፣ ይቀዘቅዛል። ብራውማይስተር ውሃውን ከታች ወደ ላይ ነው የሚገፋው፤ ዋጋውም ከሁለቱ ይበልጣል።

ለግሬንፋዘር ጂ30 የወጣው የውሃ ስሌት ለተመሳሳዮቹም ይሠራል። የብቅሉን ኪሎ በ2.7 አባዝታችሁ 3.5 ስትደምሩበት የመጀመሪያው ውሃ በሊትር ይመጣል። ለ5 ኪሎ ብቅል 17 ሊትር መሆኑ ነው፤ ለማጠቢያ ደግሞ 15 ሊትር። ከመንተክተኩ በፊት 28 ሊትር ገደማ ይኖራችኋል፤ እንፋሎቱና ከሥር የሚቀረው አተላ ተቀንሶ 23 ሊትር ገደማ ማብላያው ዕቃ ውስጥ ይገባል።

አሁን ወደ ከፍታው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚንተከተከው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ማሽኑ ግን ከፋብሪካ የሚወጣው 100 ዲግሪ እንዲጠብቅ ተደርጎ ነው። ይህን ሳያስተካክል ፕሮግራሙን ያስነሳ ሰው የሚገጥመው ነገር ይታወቃል፦ በርሜሉ ይንተከተካል፣ መስታወቱ በእንፋሎት ይሸፈናል፣ መቆጣጠሪያው ግን 92 ላይ ተቸክሎ ገና ነው ይላል። የ60 ደቂቃው ቆጠራ አይጀምርም፣ ሆፕ ጨምር የሚለው ጩኸትም አይመጣም፤ አራት ሊትር ተንኖ ካለቀ በኋላ ነው ሰው የሚነቃው። መፍትሔው መቆጣጠሪያው ውስጥ ገብቶ የመንተክተኪያውን ነጥብ 91 ማድረግ ነው። ይህን ለመቀየር የማይፈቅድ መቆጣጠሪያ ያለውን ማሽን አትግዙ፤ ወይም ፕሮግራሙን ትታችሁ በእጅ ትእዛዝ ብቻ አሠሩት፤ ያኔ ደግሞ አውቶማቲክ ለተባለው የከፈላችሁት ምን እንደሠራ ጠይቁ።

ከፍታው የሚነካው ሰዓቱን ብቻ አይደለም። ሆፕ መራራነቱን የሚሰጠው በሙቀት ስለሆነ በ92 ዲግሪ የሚወጣው በ100 ከሚወጣው በግልጽ ያንሳል። ከውጭ የተወሰደ የአጠማመቅ መመሪያ ላይ የመጀመሪያውን ሆፕ ከአምስት አንድ እጅ መጨመር፣ ወይም የ60ውን ደቂቃ 80 እና 90 ማድረስ ያስፈልጋል። መጨረሻ ላይ ለመዓዛ የሚገባው ሆፕ አይነካም። ረጅሙ መንተክተክ ሌላም ጥቅም አለው፤ ፈዛዛ ብቅል ላይ የሚመጣውን የተቀቀለ በቆሎ ሽታ ያባርራል። ክዳኑ ግን ክፍት መሆን አለበት፣ ያ ሽታ የሚወጣው በእንፋሎቱ ነውና። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ በረንዳ ላይ ሥሩ፤ ሦስት አራት ሊትር እንፋሎት የወጥ ቤቱን ቀለም ያነሳዋል።

መብራት። ግሬንፋዘሩ 2,000 ዋት፣ ባለ 35 ሊትሩ ብሩዚላ 2,400 ዋት ይበላል፤ ከ9 እስከ 11 አምፔር ማለት ነው። በማራዘሚያ ገመድ አይሞከርም፤ ሶኬቱ ይቀልጣል። በቤታችሁ ለዚህ ሸክም ተብሎ የተዘረጋ መስመር ካለ የእንጀራ ምጣዱ መስመር ነው፤ ማሽኑም እዚያ ይሰካ፣ ምጣዱ በዚያ ቀን ይረፍ። አመሻሽ ላይ ቮልቴጁ ሲወርድ ደግሞ ኃይሉ ከቮልቴጁ በላይ ይወርዳል፦ 220 የነበረው 190 ሲሆን 2,400 ዋቱ ወደ 1,800 ይጠጋል፤ መንተክተኩ ይሞታል፣ ድፍርስ ቢራ ይመጣል። ጠዋት ጀምሩ።

መብራት መሃል ላይ ቢሄድስ? ብቅሉ ገና በውሃ ላይ ሳለ ከሆነ ጉዳት የለውም። ክዳኑን ግጠሙ፣ በርሜሉን በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሉት፤ በሰዓት ሁለት ዲግሪ ቢወርድ ስታርቹ ወደ ስኳር መለወጡን አያቆምም። ብሩዚላ ላይ የ500 እና የ1,900 ዋት ሁለት ማሞቂያዎች ለየብቻ ማብሪያ አላቸው፤ 500ውን ብቻ ትንሽ ጄኔሬተር ይሸከመዋል። መንተክተክ ላይ ከሄደ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ቆዩ፤ ሲመለስ ከቆመበት ደቂቃ ቀጥሉ፤ ቢራው ትንሽ መረር ይል ይሆናል እንጂ አይበላሽም። ፕሮግራሙን ከቆመበት የሚያስታውስና ከዜሮ የሚጀምር መቆጣጠሪያ አለ፤ ስትገዙ ሶኬቱን ነቅላችሁ መልሳችሁ በመሰካት ፈትኑት።

ማሽኑን ከሁሉ በላይ የሚያጣላው ግን ወፍጮ ቤት ነው። የእህል ወፍጮ ብቅሉን ዱቄት ያደርገዋል። ዱቄቱ ቅርጫቱ ውስጥ እንደ ሊጥ ይጋገርና ውሃ አላሳልፍ ይላል፤ ፓምፑ ከሥር ያለውን ጠጥቶ ይጨርሳል፣ ማሞቂያው ደርቆ ይቀራል፣ ወርዶ የተጠራቀመው ዱቄትም ታች ላይ ያራል። ያኔ የሙቀት መከላከያው ይቆርጣል፤ ቢራውም የተቃጠለ ሽታ ይይዛል፣ ያ ደግሞ በምንም አይወጣም። ወፍጮ ቤቱን ሸርከት እንዲያደርገው ንገሩት፤ ፍሬው ሁለት ሦስት ቦታ ይሰንጠቅ፣ ገለባው ሙሉ ይቅር፣ ምክንያቱም ውሃውን የሚያጣራው ገለባው ነው። እሺ ብሎ መልሶ ዱቄት የሚያደርግ ስለማይጠፋ የመጀመሪያውን እፍኝ እዩ። በእጅ የሚዞር ባለ ሁለት ሲሊንደር መፍጫ ካገኛችሁ ክፍተቱን 1.2 ሚሊሜትር ላይ አድርጉት። ፓምፑንም ብቅሉ ከገባ አሥር ደቂቃ ካረፈ በኋላ በግማሽ ጉልበት ክፈቱት እንጂ ወዲያው ሙሉ አትልቀቁት።

ስለ ብቅሉም አንድ ነገር። አሰላና ጎንደር፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ደብረ ብርሃንና ቦሌ ለሚ ላይ ያሉት ፋብሪካዎች የሚያወጡት የቢራ ብቅል በምድጃ የደረቀና እኩል የበቀለ ነው። ሾላና መርካቶ የሚሸጠው የጠላ ብቅል ግን በፀሐይ የደረቀ፣ አንዱ ፍሬ የበቀለ አንዱ ያልበቀለ፣ ጠጠርም የማያጣው ነው። በእሱ ቢራ ይወጣል፤ አበጥሩት፣ ልቀሙት፣ ሥሩን አራግፉት፣ ከ5 ኪሎ ይልቅ 6 ኪሎ ተጠቀሙ፣ 90 ደቂቃ አንተክትኩ። ሆፕና ደረቅ እርሾ ባብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ሆፑ ፍሪዘር፣ እርሾው ፍሪጅ ይቀመጥ። በነገራችን ላይ በማሽኑ ጠላ ልጥመቅበት የሚል አይጠፋም። ድፍድፉ ፓምፑን በአምስት ደቂቃ ይደፍነዋል፤ ጋኑ ይሻላል።

ማቀዝቀዣው ላይ ማሽኖቹ ለዚህ ከተማ አልታሰቡም። አብሮ የሚመጣው ጠምዛዛ ቧንቧ ከቧንቧ ውሃ ጋር ሲያያዝ ከ92 ወደ 22 ዲግሪ ለማውረድ ከ60 እስከ 80 ሊትርና ከዚያም በላይ ያፈሳል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀልድ አይደለም፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ግፊቱ አንሶ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የሚወጣውን ሙቅ ውሃ በባልዲ ተቀበሉት፤ የመጀመሪያው 20 ሊትር ማሽኑን ለማጠብ ይሆናል። ለመጥመቂያ የሚሆነውን ውሃ ደግሞ ከዋዜማው በክፍት ዕቃ አሳድሩት፤ ክሎሪኑ ካልወጣ ቢራው ቁስል ፕላስተር የመሰለ ሽታ ያመጣል።

አጠባቡን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኦሞም ሆነ የዕቃ ፈሳሽ ሳሙና ቧንቧው ውስጥ ሽታ ይተዋል፣ የቢራውን አረፋም ይገድላል። በረኪና ደግሞ የማይዝገውን ብረት በትናንሽ ነጥብ ይበሳዋል። ሶዲየም ፐርካርቦኔት ያለው ማጽጃ በ60 ዲግሪ ውሃ ለ20 ደቂቃ በፓምፑ ማዞር፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ። ታች የተጣበቀውን በእንጨት ማማሰያ ፈርፍሩት፤ የብረት መፋቂያ አታስጠጉበት። ይህ ሁሉ ከ40 ደቂቃ በታች አያልቅም፤ ማስታወቂያው ላይ የለም።

ማሽኑ በእርግጥ የሚያድነው ምንድን ነው? ከአምስት ስድስት ሰዓት ሥራ ውስጥ ቆሞ ቴርሞሜትር የማየቱን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል። ሌላው ትርፉ መደጋገም ነው፦ ዛሬ 66 ዲግሪ የተሠራው በሚቀጥለውም 66 ይሠራል፣ የአጠማመቅ መመሪያን እያስተካከሉ መሄድ የሚቻለው ያኔ ነው። ውዶቹ ሞዴሎች የሚጨምሩት የማብላያ ማቀዝቀዣ ግን እዚህ ትርፍ ዕቃ ነው። የአዲስ አበባ ክፍል ፀሐይ ካልመታው አብዛኛውን ዓመት ከ17 እስከ 21 ዲግሪ ይውላል፤ ለኤል (በክፍል ሙቀት ለሚብላላው ቢራ) እርሾ ከዚህ የተሻለ ሙቀት አይገኝም። ለላገር (በቀዝቃዛ ለሚብላላው ቢራ) ካልሆነ በቀር ለዚህ አትክፈሉ።

ለድስቱ መንገድ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ 40 ሊትር የሚይዝ የድግስ ድስት፣ የሲሊንደር ጋዝ ምድጃ፣ ድስቱን በሙሉ የሚያለብስ ከቮይል መጋረጃ የተሰፋ ከረጢት፣ ዲጂታል ቴርሞሜትር። 29 ሊትር ውሃ 70 ዲግሪ አድርሱ፣ 5 ኪሎ ብቅል ከረጢቱ ውስጥ እየበተናችሁ ጨምሩ፤ ሙቀቱ 67 ላይ ይቆማል። እሳቱን አጥፉ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፣ አንድ ሰዓት። ከረጢቱን አንስታችሁ ጨምቁ፣ አንተክትኩ። ወደ 20 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ሳጥን ተኩል ጠርሙስ ይወጣል። እሳቱ እየነደደ ከረጢቱ ድስቱን ከነካ ይቀልጣል፤ ይህን ብቻ ልብ በሉ። መብራት ቢሄድ የማይሰማችሁም በዚህኛው ነው።

በውጭ ገበያ የበርሜሉ ዓይነት እንደ ሞዴሉ ከ400 እስከ 1,000 ዶላር ገደማ ይሸጣል፣ ብራውማይስተር ከዚያም ይበልጣል፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ሲጨመር ስለሚያብጥ ያገለገለ መፈለግ ያዋጣል። ያገለገለ ስትገዙ ገልብጡትና የታችኛውን ጽሑፍ እዩ፤ 220–240 ቮልት ካላለ ተዉት። ከዚያ 20 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉበትና በሰዓት ያዙ፦ ባለ 2,400 ዋቱ ደህና መብራት ባለበት በግማሽ ሰዓት ገደማ 67 ዲግሪ መድረስ አለበት። ሁለት ሰዓት ካለፈ ከሁለቱ ማሞቂያዎች ትልቁ ሞቷል። ፓምፑንም ለአሥር ደቂቃ አዙሩት፤ የሚያፏጭ ወይም የሚቆራረጥ ከሆነ ከፍታችሁ እዩት፣ አንዳንዴ የሆፕ ቅሪት ነው፣ አንዳንዴ ግን ተሽከርካሪው ተበልቷል፤ ይህኛው ከሆነ ዋጋው ላይ አስቀንሱ።