«ፋይናል ኤዲሽን» ለተባለ የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው በተለይ አሜሪካ ሆናችሁ «ብር አዋጥተን አንድ ብርቅ መኪና ገዝተን እናስቀምጥ፣ ዋጋው ይጨምራል» እያላችሁ ለምትመካከሩ ነው። እኛም ሦስት ጓደኛሞች እንዲሁ ተመካክረን 8,000 ዶላር ቀብድ ከፈልን፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰልንም። ከዚያ ውስጥ 3,000ው ለእኔ የወጣልኝ የእቁብ ብር ነበር። ሻጩን በስም አልጠራም። መኪናው ግን የመጀመሪያው ቴስላ ሮድስተር ነው፤ ማስታወቂያው «ፋይናል ኤዲሽን፣ ከመጨረሻዎቹ አንዱ፣ 6,000 ማይል ብቻ የተነዳ» ይላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ይህን መኪና የማውቀው ድሮ፣ 2010 ላይ ዲሲ አንድ ሆቴል ፓርኪንግ ስሠራ ነው። አንድ እንግዳ ይዞት መጣ። ቁልፉን ተቀብዬ ወደ ምድር ቤት ሳወርደው ከጎማው በቀር ምንም ድምፅ አልነበረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቤ አልወጣም። ማስታወቂያውን ሳይ ማጣራት ሲገባኝ የቸኮልኩት ለዚህ ነው፤ ጓደኞቼም እኔን አምነው ነው የገቡት። ከብሩ ይልቅ ይኼ ነው የሚቆጨኝ።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቀው ኖሮ አንድ ዶላር አልልክም ነበር። ሮድስተር መመረት የጀመረው 2008 ላይ ሲሆን ምርቱ 2012 ላይ እስኪዘጋ ድረስ የተሸጠው በዓለም ዙሪያ 2,450 ገደማ ብቻ ነው። አካሉን የሚሠራው እንግሊዝ አገር ያለው ሎተስ የተባለ የስፖርት መኪና ፋብሪካ ነበር፤ ለአሜሪካ ገበያ የሚሆነው ካሊፎርኒያ መጥቶ ባትሪና ሞተር ይገጠምለታል። ከሎተስ ጋር የነበረው ውል ሲያልቅ መኪናውም አበቃ። ለስንብት «ፋይናል ኤዲሽን» ተብለው የወጡት 15 ናቸው፤ 5 ለሰሜን አሜሪካ፣ 5 ለአውሮፓ፣ 5 ለእስያ። የሚለዩት በምን መሰላችሁ? በቀይ ቀለማቸው፣ ኮፈናቸውና ጀርባቸው ላይ በተሰመሩት ሁለት ጠቆር ያሉ ብርማ መስመሮች፣ እንዲሁም በቸርኬያቸው። ሞተሩም ባትሪውም ፍጥነቱም ከሌላው ሮድስተር አይለይም።

ስለዚህ ጎበዝ ቀለም ቀቢ ያገኘ ሰው ተራውን ሮድስተር «ፋይናል ኤዲሽን» ማስመሰል ይችላል። የእኛውም እንደዚያ ነበር። የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ አለው፤ አሥረኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። የእንግሊዝኛው «ኤ» ከሆነ 2010፣ «ቢ» ከሆነ 2011፣ «ሲ» ከሆነ 2012 ነው። የእኛው «ኤ» ነበር፤ የስንብቱ መኪኖች ገና ሳይታሰቡ የወጣ ማለት ነው። ይህን ለማየት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ሻጩ ግን ቁጥሩን የላከልን ቀብዱ ከገባለት በኋላ ነው። ቁጥሩን አስቀድሞ አልሰጥም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እዚያው ተለያዩ። ቁጥሩን ካገኛችሁ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተጠገነ ሪኮል፣ ማለትም ፋብሪካው ለጥገና የጠራበት ጉድለት፣ እንዳለበት በነፃ ማየት ትችላላችሁ። በ2010 ብቻ 439 ሮድስተሮች በ12 ቮልት ገመድ ችግር ተጠርተው ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን ባትሪው ነው። «6,000 ማይል ብቻ የተነዳ» የሚለው ነበር እኛን ያጓጓን፤ የቤንዚን መኪና ስንገዛ የለመድነው ነዋ። የሮድስተር ባትሪ 6,831 ትንንሽ ሴሎች ተደርድረው የተሠራ፣ 450 ኪሎ የሚመዝን ነገር ነው። መኪናው ሳይሰካ ከቆመ ቻርጁ በራሱ ጊዜ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ጨርሶ ባዶ ከሆነ ደግሞ እንደ ተራ ባትሪ ኬብል አያይዞ ማስነሳት የለም፤ ይሞታል። 2012 ላይ ይህ ትልቅ ጉዳይ ሆኖ ወጥቶ ነበር። መኪናቸውን ሳይሰኩ ያቆሙ ባለቤቶች ለባትሪ ቅያሪ ወደ 40,000 ዶላር ተጠይቀዋል፤ ዋስትናውም አልሸፈነላቸውም። ስለዚህ ስንት ማይል ተነዳ ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «የት ቆመ? ተሰክቶ ነበር ወይ?» በሉ። የእኛው መጋዘን ውስጥ 14 ወር ሳይሰካ ቆሞ ነበር። ይህንን የነገረን ሻጩ ሳይሆን የመጋዘኑ ጠባቂ ነው። ይዘነው የሄድነው መካኒክ፣ የእኛው አገር ልጅ፣ ሰክቶ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ምንም የለም። «ወንድሜ፣ ይሄ አልቆለታል» አለኝ።

ሻጩ «ባትሪማ ይቀየራል፣ ኩባንያው አዲስ አውጥቶለታል» ሊላችሁ ይችላል። እውነት ነው፣ 2014 መጨረሻ ላይ የተሻሻለ ባትሪ እንደሚመጣ ተነግሮ፣ በቀጣዩ ዓመት በ29,000 ዶላር ቀርቦ ነበር። ዛሬ ማን፣ በስንት፣ መቼ እንደሚቀይርላችሁ በጽሑፍ ካላሳየ ግን አትመኑት። ቻርጁንም ልብ በሉ፤ ይህ መኪና በፈጣን ቻርጀር አይሞላም፣ መሰኪያውም ከኋለኞቹ ቴስላዎች የተለየ ነው።

«አዲስ አበባ ብትወስዱት እጥፍ ያወጣል» የሚለውንም ሰምተናል። ኢትዮጵያ ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏን ይዘው ነው ይህን የሚሉት። ሰዉ እዚያ የሚፈልገው ግን መለዋወጫ ያለው፣ መንገዱን የሚችል መኪና ነው። ይህ መሬት ሊነካ የቀረው፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ነው።

አዲሱን ሮድስተር ለማግኘት ተራ እንሸጥላችሁ የሚሉም አሉ። እሱ 2017 ላይ ሲታይ መያዣው 50,000 ዶላር ነበር፤ ለመጀመሪያዎቹ 1,000 መኪኖች ደግሞ ሙሉው 250,000 ዶላር በቅድሚያ ተጠይቋል። 2020 ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ አልደረሰም። እሱንም ተዉት።

ቀብድ መክፈል ግድ ከሆነባችሁ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፤ ቢያንስ ለባንኩ አቤት ማለት ይቻላል። እኛ በባንክ ዝውውር ነው የላክነው፤ ከወጣ በኋላ ባንኩ ምንም ማድረግ አልቻለም። ውሉ ላይም በደቃቅ ፊደል «ቀብዱ በማንኛውም ምክንያት አይመለስም» የሚል አለ። ከመፈረማችሁ በፊት «የሻንሲ ቁጥሩ ወይም ባትሪው ከተነገረው የተለየ ሆኖ ከተገኘ ይመለሳል» የሚል አስጽፉ። እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ያው መኪና ባለፈው ሳምንት እንደገና ለሽያጭ ወጥቷል፤ ዋጋው ጨምሯል፣ ፎቶዎቹም አዲስ ናቸው። ቀይ ነው፤ በሹፌሩ በኩል ያለው በር ሲከፈት ማጠፊያው ሥር የድሮው ሰማያዊ ቀለም ይታያል። ልታዩት ከሄዳችሁ መጀመሪያ በሩን ክፈቱ።