«ኦሪጅናል ጃፓን» ብለው የተፋቀ ፒስተን ሸጡልኝ፤ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው የእጄ ጥቁር ዘይት ገና ሳይለቅ ነው። ከሱቁ ከተመለስኩ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል ቤታችሁ የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ አንብቡት።

ሞተሯ ያማሃ ዲቲ 125 ናት። የአባቴ ናት። መራዊና አዴት ድረስ ለሥራ ስንት ዓመት ተመላልሶባታል። እሱ ካረፈ በኋላ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። ሽምብጥ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ከክረምት ጀምሬ ስሠራት ቆየሁ። መቀመጫውን አሳጥሬ በቆዳ አሰፋሁት። ታንከሩን እስከ ብረቱ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቀለም ቀባሁት። ማርሚታውን አቃጥዬ ካርቦኑን አራገፍኩ። የቀረኝ ኢንጂኑ ብቻ ነበር።

የሻጩን ዓይነት ታውቁታላችሁ። «ወንድሜ፣ ቻይናውን ነው ኦሪጅናሉን?» ብሎ ይጀምራል። ቻይናውን ራሱ ያጣጥልላችኋል። ከዚያ ከመደርደሪያው ጀርባ ገብቶ አቧራ የለበሰ ካርቶን ይዞ ይወጣል። «የመጨረሻዋ ናት፣ ለሌላ ሰው ነበር ያስቀመጥኳት።» ለእኔም ይህንኑ አለኝ። ፒስተኑ ከነፋሻው (ዙሪያውን ከሚይዘው ቀጭን የብረት ቀለበት ጋር) 6,800 ብር። ደረሰኝ ስለው «ደረሰኝ ከፈለግክ ቫት ይጨመራል» አለኝ። ተውኩት።

የዲቲ 125 ሲሊንደር ከፋብሪካ ሲወጣ ስፋቱ 56 ሚሊሜትር ነው። ሲበላ ቶርኖ ቤት በሩብ ሚሊሜትር እየጨመሩ ያሰፉታል፦ 56.25፣ 56.50፣ 56.75፣ 57። ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ያበቃል። የእኔ በአባቴ ጊዜ አንዴ ሰፍቷል። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ 50 የሚባለው፣ ለ56.50 የሚሆነው ፒስተን ነበር። ካርቶኑ ላይ 50 ይላል። የፒስተኑ አናት ላይም 50 ተመትቷል።

የቶርኖ ቤቱ ልጅ «ፒስተኑን አምጣልኝና እሱን ለክቼ ልሥራ» ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ «50 ነው፣ ተጽፎበታል» ብዬ ወደ 56.50 እንዲያሰፋው ያስቸኮልኩት። መለኪያ ካሊፐር እኮ አለኝ! በረንዳው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አንዴ አውርጄ አልለካሁም። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ገጥሜ ስረግጣት በሦስተኛው ተነሳች። እናቴ ድምፁን ሰምታ ከኩሽና ሮጣ ወጣች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ግን ኢንጂኑ ውስጥ የሆነ ነገር ይንኳኳል። ሻጩ ጋ ደወልኩ። «አዲስ ስለሆነ ነው፤ እስኪላመድ ንዳት» አለኝ። አመንኩት።

በሦስተኛው ቀን አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ፣ ያ በ2016 የተመረቀው 380 ሜትሩ ላይ፣ መሃል ስደርስ አንዴ ጮኸችና ቀጥ አለች። እየገፋሁ ቤት ገባሁ።

ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) እና ሲሊንደሩን ፈታሁ። ፋሻው ተሰብሮ ሲሊንደሩን ቧጥጦታል። እንደ ዲቲ ያለ የቱ ስትሮክ ሞተር ሲሊንደር ግድግዳው ላይ ጋዝ የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው መስኮቶች አሉት፤ ፒስተኑ ላልቶ ሲወዛወዝ ፋሻው እዚያ ይያዝና ይሰበራል። ፒስተኑን በቤንዚን አጥቤ ወደ ብርሃን አዞርኩት። 50 ከሚለው ሥር የሞረድ ጭረት አለ። በጭረቱ መሃል የ2 ቁጥር ጭራ ቀርታለች። ካሊፐሩን አወረድኩ። 56.20። ፒስተን ሲሊንደሩ ውስጥ እንዲመላለስ በጥቂቱ ይጠባል፤ ግን ከ56.50 ይህን ያህል አይደለም።

50 አልነበራቸውም። 25 ነበራቸው። ፍቀው 50 መቱበት።

ዛሬ ይዤው ሄድኩ። ሻጩ ከሁለት ደንበኞች ጋር ቡና ይጠጣ ነበር። ፒስተኑን ባንኮው ላይ አስቀምጬ ጭረቱን አሳየሁት። ዞር ብሎም አላየው። «ካርቶኑስ?» አለኝ። ሰጠሁት። ክዳኑ ላይ በራሱ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ «6,800» ብሎ ጽፎ ነበር። ዓይን ዓይኔን እያየ ክዳኑን ቀደደው። ቀስ ብሎ ነው የቀደደው። አጥፎ ኪሱ ከተተው። የቀረውን ካርቶን ወደ እኔ ገፋና «ከእኛ መግዛትህን በምን እንወቅ?» አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

ደንበኞቹ ቡናቸውን አዩ። ረዳቱ ሳቀና «ያቺን ቆርቆሮ ለቆራሌው ስጣት» አለኝ።

አባቴ በዚያች ቆርቆሮ አራት ልጆች አሳድጓል።

መልስ አጣሁ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ፒስተኑን በጨርቅ ጠቅልዬ ወጣሁ። እስከ ጊዮርጊስ ድረስ በእግሬ ስሄድ ሰው ሰላም ይለኝ አይበለኝ አላውቅም።

እንግዲህ ቫቱን ከፍላችሁም ቢሆን ደረሰኝ ያዙ። ፒስተኑ በእጃችሁ ሳይኖርና ሳይለካ ሲሊንደር አታስፉ። የፒስተን ልኩ የሚወሰደው ከታች፣ ቀሚሱ ላይ ነው፤ አናቱ ጠበብ ይላል።

የእኔ ሲሊንደር አሁን ወደ 56.75 መሄድ አለበት። ጭረቱ በዚያ ካልጠፋ 57። እውነተኛ 75 ፒስተን ያለው፣ ወይም የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ካሊፐሬን ይዤ እመጣለሁ።