የአንቴናና የኬብል ባለሙያ የምትፈልጉ ካላችሁ ይቺን አንብቡ

ሰላም ለሁላችሁ። ቡድናችን ሰሞኑን በሲኪው ወርልድ ዋይድ የአማተር ሬዲዮ የድምፅ ውድድር ላይ ተሳትፎ ነበር። ሎጋችንን፣ ማለትም ያነጋገርናቸውን ጣቢያዎች መዝገብ፣ ልከናል፣ ውጤቱ ገና ነው። የምጽፈው ግን ስለ ውጤቱ አይደለም። አንድ ሰው ማመስገን ስላለብኝና እናንተም ብታውቋቸው ስለሚጠቅማችሁ ነው። የአንቴናና የኬብል ባለሙያ ናቸው። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው።

ውድድሩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። በየዓመቱ በኦክቶበር የመጨረሻ ቅዳሜና እሁድ፣ 48 ሰዓት ሙሉ፣ ከመላው ዓለም የቻላችሁትን ያህል ጣቢያ ታነጋግራላችሁ። የምትለዋወጡት ነገር ትንሽ ነው፦ የጥሪ ምልክት፣ የሲግናል ሪፖርት እና የዞን ቁጥር። ሪፖርቱን ሁሉም ሰው 59 (ጥርት ብሎና ጠንክሮ ይሰማል ማለት ነው) ነው የሚለው፣ ሦስቴ አስደግሞ የሰማችሁም ቢሆን 59 ነው! ዓለም በ40 ዞን ተከፍላለች። ከሌላ አህጉር ጣቢያ ጋር ስትገናኙ 3 ነጥብ ታገኛላችሁ። ከዚያ የነጥቡ ድምር በየባንዱ ባገኛችኋቸው ሀገሮችና ዞኖች ብዛት ይባዛል። ባንድ የምንለው የሬዲዮ ሞገድ ክልልን ነው፣ በሞገዱ ርዝመት 10 ሜትር፣ 15 ሜትር፣ 40 ሜትር እየተባለ ይጠራል። ጉዱ ማባዛቱ ላይ ነው። አንድ ባንድ ከሞተባችሁ የዚያ ባንድ ነጥብ ብቻ አይደለም የሚቀርባችሁ፣ ማባዣውም አብሮት ይሄዳል።

እኛ ጋ የሞተው 40 ሜትር ነበር። 10 ሜትር ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል፣ 15ም ብዙም ሳይቆይ ይከተለዋል፣ ሌሊቱን ይዞ የሚያድረው በአብዛኛው 40 ነው። እሱ ከሌለ ፈረቃ የገባው ሰው ማይክ ይዞ ቁጭ ብሎ ያድራል ማለት ነው። እኛ ሁሉንም እንሰማለን፣ እኛን ግን የሚመልስልን የለም። አንቴናውን መጀመሪያ የገጠመልንን ሰው ጠራነው። መጥቶ ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውን ኃይል የሚለካውን ሜትር አየና (ቁጥሩ ወደ 1 በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው የሚባለው) «ኤስ ደብልዩ አሩ 1.3 ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ፣ ባንዱ ነው የሞተው» ብሎን ሄደ። ስሙን ማንሳት አልፈልግም።

ጋሼን በሰው በሰው ነው ያገኘናቸው። ሲመጡ ሬዲዮውን ዞር ብለው አላዩትም። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኬብሉ ከተዘረጋ ስንት ዝናብ አለፈው? ከዚያ ታወሩ ላይ ወጡ፣ አንቴናውን ነቅለው በቦታው የ50 ኦም ዳሚ ሎድ (በአንቴና ፋንታ ኃይሉን የሚቀበል ዕቃ) እና የኃይል መለኪያ አሰሩ፣ ከታች 100 ዋት እንድንልክ ነገሩን። ላይ የደረሰው ግማሹን እንኳን አይሞላም። ሲወርዱ ነገሩን ያስረዱን እንዲህ ብለው ነው፦ ኬብል ውሃ ሲገባው ወደ ላይ የሚሄደውን ኃይል ይበላል፣ ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣውንም እንደዚያው ይበላል፣ ሜትሩ ደግሞ የሚያየው ተመልሶ የመጣውን ነው። ስለዚህ ኬብሉ በተበላሸ ቁጥር ሜትሩ ያምርበታል። እኛ ያን ቁጥር እያየን ደስ ይለን ነበር እኮ።

ኮኔክተሩን ሲፈቱት ውሃ ጠብ አለ። የተጠቀለለው በተራ ናስትሮ ብቻ ነበር፣ ውስጡ ያለው የመዳብ መረብ ጠቁሯል። ጥቁረቱ ምን ያህል እንደገባ ለማየት ከጫፉ እየቆረጡ ሄዱ፣ ማለቂያ ስላልነበረው ሙሉውን ቀየሩት። አዲሱን ኮኔክተር በደንብ ሶልደር አድርገው፣ መጀመሪያ እርስ በርሱ የሚጣበቀውን የጎማ ቴፕ ወጥረው ጠቀለሉበት፣ ፀሐይ እንዳይበላው ናስትሮውን ከላይ ደረቡለት። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ እንዲል አድርገው ነው ያሰሩት፣ ውሃው እዚያ ላይ እንዲንጠባጠብ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ከዚህ በፊት ማንም አላደረገልንም።

አንድ ቀን ነፋስ ነበር። ውድድሩ ስለደረሰ እኛ ቸኩለናል፣ ከቡድናችን አንዱ ትንሽ ገፋ አደረጋቸው። «ዛሬ አይወጣም» አሉ፣ በቃ፣ ዕቃቸውን ሰብስበው ሄዱ። በነጋታው ተመለሱ። ሲወጡም ሁለት መንጠቆ አላቸው፣ አንዱ ሳይያዝ ሌላው አይፈታም። እሳቸው ላይ እያሉ ሬዲዮውም የአንቴና ማዞሪያውም ከመብራት ይነቀላል፣ ከታወሩ ሥር ማንም አይቆምም። ይሄን ሳይጠየቅ የሚያደርግ ሰው ካገኛችሁ አጥብቃችሁ ያዙት።

ውድድሩ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። 15 ሜትር ላይ ስንናገር ሎግ የምንይዝበት ኮምፒውተር ድርቅ ይላል፣ ኪቦርዱ አይሠራም። መሽቶ ነበር፣ እያፈርን ደወልንላቸው። አነሱ! «የትኛው ባንድ ላይ ነው?» አሉና የኪቦርዱን ገመድ ትተውልን በሄዱት የፌራይት ቀለበት (በገመድ የሚገባውን የሬዲዮ ሞገድ የሚያግድ ቀለበት) ውስጥ ደጋግመን እንድንጠቀልለው ነገሩን። ቀለበቶቹን በካርቶን ትተውልን ሲሄዱ ምን እንደሚያደርጉ እንኳን አልጠየቅንም ነበር። ጠቀለልነው፣ ችግሩ ቆመ። የ40 ሜትሩ ሌሊትም ተኝተን የምናድርበት አልሆነም። ሰው በሰው ላይ እየተደራረበ እየጠራን፣ ተረኛው ወንበሩን ለመልቀቅ እንቢ እያለ ነው የነጋው።

የማይመቿችሁ ነገሮችም አሉ፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት። የሌላ ሰው ሥራ ላይ ቀጥል ሲሏቸው ደስ አይላቸውም፣ ፈትተው ከዜሮ መጀመር ነው የሚፈልጉት፣ ይሄ ደግሞ ወጪ አለው። ታወር ላይ ካሉ ስልክ አያነሱም። ስለ ሶፍትዌር አትጠይቋቸው፣ አላውቅም ነው የሚሏችሁ። እኔ በበኩሌ አላውቅም የሚል ባለሙያ ይሻለኛል።

የሞርሱ፣ ማለትም በድምፅ ፋንታ በነጥብና በሰረዝ የሚደረገው፣ ውድድር በኖቬምበር የመጨረሻ ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ለዚያ ካሰባችሁ ከአሁኑ ያዟቸው። ስልካቸውን እዚህ አልለጥፈውም፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እልካለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ኬብላችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ስንት ሜትር እንደሆነና መቼ እንደተዘረጋ እወቁ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።