ከጣርማ በር ዳገት ሞተሬን ላተረፉልኝ የናፍጣ ፖምፓ ባለሙያ

ይሄን ምስጋና ሳልጽፍ ሁለት ሳምንት አለፈኝ። አሮጌ የናፍጣ መኪና ይዛችሁ የደሴን መንገድ የምትመላለሱ ሁሉ አንብቡልኝ።

የኔዋ ከአባቴ የቀረችልኝ ኤንትሬ የጭነት መኪና ናት። ከሸዋ ሮቢት ማሾ ጭኜ ስመጣ የጣርማ በር ዳገት እያቃታት መጣ። አንድ ሰው «ናፍጣ አንሷት ነው» አለኝና ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን የፖምፓውን ማህተም በጥሶ የናፍጣውን መጠን የሚወስነውን ቡሎን ከፈተው። በመጀመሪያው ቀን ደስ አለኝ፣ እንደ አዲስ ጎተተች። በሦስተኛው ጉዞ ግን ከደብረ ሲና ወደ ላይ ስወጣ ከኋላዬ ያለው መንገድ በጥቁር ጭስ ተሸፈነ። የጣርማ በሩ ዋሻ ጋ ሳልደርስ የሞተሩ ውሃ ፈላ።

አቀዝቅዤ፣ ቀስ እያልኩ ደብረ ብርሃን አደረስኳት። እዚያ ወደ አንድ የፖምፓ ባለሙያ ጠቆሙኝ። ጋሼ ነው የምላቸው።

ጋሼ ፖምፓውን ገና አልነኩም። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘዙ፣ በሁለት ጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፏል። እኔ ግን አልጨመርኩም! «ናፍጣ ነው ልጄ፣ ሞተርህን እያጠበው ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ናፍጣ ያለ አየር አይነድም። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ጣርማ በር ከ3,000 ያልፋል። እዚያ ላይ አየሩ ከባህር ዳርቻው ከሩብ በላይ ይሳሳል፣ ኤንትሬ ደግሞ አየር ገፍቶ የሚያስገባላት ተርቦ የላትም። ትርፉ ናፍጣ ገሚሱ ጭስ ይሆናል፣ ገሚሱ የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ይወርዳል። ፒስቶኑ ላይ ያለው ሙቀት ይብሳል፤ ሲብስ ይሰነጠቃል ወይ ይቀልጣል። የውሃው ሙቀት መለኪያ ይህን የሚናገረው ዘግይቶ ነው። የከፍተኛውን ዙር ቡሎን መነካካት ደግሞ ይብሳል፣ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ይዞራል።

ለካስ የኔ ችግር ናፍጣ ማነስ አልነበረም። የአየር ማጣሪያው ሲከፈት አቧራ የሚይዘው ታችኛው ዘይት ጭቃ ሆኗል። ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ ከሚረጩት ኢንጀክተሮች ሁለቱ መርጨት ትተው ያንጠባጥባሉ። ፖምፓውን መሞከሪያው ላይ አሰሩት፤ ለየሲሊንደሩ የሚሄደውን ናፍጣ የሚለኩት ስድስቱ ብርጭቆዎች ሲሞሉ አራተኛው ከሌሎቹ ጣት ያህል በልጦ ቆመ። ሁሉንም እኩል አድርገው በፋብሪካው ልክ መለሱት። «ለዳገቱ ትንሽ ይተውልኝ» ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። በአዲስ ሽቦ አትመው ነው የሰጡኝ።

ፒስቶኖቹ ተርፈዋል። ጋሼ ሞተሩን እናውርደው ቢሉኝ አምናቸው ነበር፣ እከፍልም ነበር። እሳቸው ግን የሠሩበትን ብቻ ተቀበሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አሁን ሙሉ ጭኜ በሁለተኛ ማርሽ ዝግ ብዬ እወጣለሁ፣ ጭሱም ጠፍቷል።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ዘይት ቀይራችሁ እንዳትሄዱ፤ መጀመሪያ የሚያሸቱት እሱን ነው።