የነፋስ ኃይል፦ በየብስ ወይስ በባሕር ላይ?

የነፋስ ተርባይን አሠራር በሁለቱም ስፍራ አንድ ነው፤ ነፋሱ ክንፎቹን ያሽከረክራል፣ ክንፎቹ ዘንጉን፣ ዘንጉም ጄኔሬተሩን ያዞራል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የነፋሱ ጠባይ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በውስጡ ያለው ኃይል ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፣ ኮረብታና ሕንፃ የማያግደው የባሕር ነፋስ በጥቂቱ እንኳ ቢበልጥ ጥቅሙ ትልቅ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ጥቅም በውድ ዋጋ የሚገኝ ነው። መሠረቱ ከባሕሩ ወለል ላይ መተከል፣ ወይም ተንሳፋፊ ሆኖ ከወለሉ ጋር መታሰር አለበት፤ ኤሌክትሪኩ በውኃ ውስጥ በተዘረጋ ገመድ ወደ ዳር ይመጣል፤ ጨዋማው አየርም ብረቱን ለዝገት ያጋልጣል። ጄኔሬተሩ በማዕበል ወቅት ቢበላሽ፣ ባለሙያዎቹ ባሕሩ ጸጥ እስኪል መጠበቅ ግድ ስለሚሆንባቸው ተርባይኑ ነፋስ እያለ ሥራ ፈትቶ ይቆማል።

የየብሱ ተርባይን ወጪው አነስተኛ ነው፤ ጠጋኙም በመኪና ይደርሳል። በማማዎቹ መካከል ያለው መሬት ለእርሻና ለግጦሽ መዋሉ፣ በእኔ እምነት፣ ተገቢውን ትኩረት ያላገኘ ጥቅም ነው። በአንጻሩ ድምፁና የክንፎቹ ተወዛዋዥ ጥላ በአቅራቢያው ያሉ ነዋሪዎችን ያውካሉ። ወፎች ከክንፍ ጋር የመጋጨታቸው አደጋ በሁለቱም ስፍራ አለ። ነፋሱ ሲቆም ሁለቱም ስለሚቆሙ፣ ሌላ የኃይል ምንጭ ወይም ማከማቻ ያስፈልጋቸዋል። በቂ ነፋስና ሰፊ ቦታ በየብስ ላይ እያለ ወደ ባሕር መቸኮል ግን ተገቢ አይመስለኝም።